ዚኒያው እስኪያልቅ

ዚኒያ ሽታ የለውም። አበባ ከተባለ መዓዛ ሊኖረው ይገባል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። አሪቲ እንኳ በአጠገቡ ሲያልፉ እዚህ ነኝ ይላል። ዚኒያ ግን ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ዓይን የሚወጋ ሮዝ። ልብስ ሰፊ ነኝና ሳየው የሚታወሰኝ ገበያ ላይ ጣቃው ተተርትሮ የሚሸጥ ርካሽ ጨርቅ ነው። ሰው ደጁን ለማሳመር ይተክለዋል፤ ሲያምርም አይቻለሁ። እኛ ቤት ግን ለሌላ ነገር ነው የተዘራው። ለምን እንደተዘራ እስክንረዳ ደግሞ ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠባ።

ቤታችን መርሳ ነው፤ ከዋናው አስፋልት ተገንጥላ ወደ ላይ በምትወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር። እኔ ወልድያ ቤት ተከራይቼ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሐሙስ ማታ ሚኒባስ ይዤ እገባለሁ፤ ጁምዓን ከቤተሰቤ ጋር ውዬ ቅዳሜ ወይም እሑድ እመለሳለሁ። ቤቱ የተሠራው ተዳፋት ላይ ስለሆነ ደልዳላ የምንለው መሬት ከበሩ ፊት ያለው ደጅ ብቻ ነው። ከሱ ሌላ ያለን ቦታ ወይ ገደል ወይ ግድግዳ ነው። የአክስቴ የሰርግ ድንኳን የተተከለው እዚያ ደጅ ላይ ነው፤ የአያቴ ለቅሶም እዚያው ነው የተቀመጠው። ቀጥሎ የሚተከለው የወንድሜ የሰርግ ድንኳን ነበር።

ዘሩን ያመጣው እሱ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ። ወልድያ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ተሳፋሪ እየጠበቀ በሚቆምበት አንድ ሆቴል በር ላይ አትክልተኛው የደረቀውን አበባ እየቀጠፈ ሲጥል ያያል። «ይሄን ልውሰደው፣ አባቴ?» ይልና የሸሚዙን ኪስ ሞልቶ ይመጣል። ሸሚዙን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሰማያዊ ክር አልቆብኝ የደረት ኪሱን ዙሪያውን በቀይ ክር ስለመታሁት «እህቴ ዓይኗ ፈዟል፣ ዱዓ አድርጉላት» እያለ በጓደኞቹ ፊት ያሾፍብኝ ነበር። እኔም ፍታውና ራስህ ስፋው እለው ነበር። አልፈታውም፤ እንዲያውም ከሌሎቹ ሸሚዞች አብልጦ የሚለብሰው እሱን ነበር።

በዚያን ጊዜ የወንድሜ ኒካህ፣ የጋብቻው ውል፣ ታስሮ ነበር። ልጅቷ የመርሳ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ሰርጉ እህል ሲገባ እንዲሆን ተቀጥሮ እሷ በአባቷ ቤት ሆና ትጠብቅ ነበር። ወንድሜ ዘሩን ከአጥሩ ሥር በአንድ መስመር ሲዘራ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ሳቀችበት።

«አበባ ይበላል እንዴ?» አለችው።

«ይታያል እንጂ አይበላም፣ እምዬ። ሙሽራ የምትገባበት ደጅ እንዲህ ራቁቱን ይቀበላት?»

ጦርነቱ እኛ ዘንድ የደረሰው አበባው ሲፈነዳ ነው። ወንድሜ ባጃጁን ከወልድያ ይዞ መጣ፤ አንድ ሌሊት አደረና መንገዱ ሳይዘጋ ወደ ደሴ ላሽሸው ብሎ ወጣ። እናቴ አትሂድ አላለችውም። ባጃጁ እንጀራው ነበር፤ እንጀራህን ጥለህ ተቀመጥ ብላ ልታዘው አልቻለችም። ደርሼ እደውላለሁ አለ። ስልኩም መብራቱም በዚያው ሰሞን ጠፋ።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም፤ ጸሐፊ አላጣም። ጊዜው አልፎ ኔትወርክ ሲመለስ የሰው ሁሉ ስልክ ጮኸ። የጎረቤት ልጅ ደወለ፣ የአክስቴ ባል ደወለ፣ ሞቷል ያልነው ሁሉ ሳይቀር ደወለ። የኛ ስልክ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ባትሪው ያልቃል፣ እንሰካዋለን፣ ደግሞ ያልቃል። እናቴ ስልኩን ከዚያ መደርደሪያ ማንም እንዳያነሳው አለች። እኔ ለደንበኞቼ የምደውለው ደጅ ወጥቼ በራሴ ስልክ ነበር፤ እሱም ቢሆን ይቆረቁራት ነበር።

መንገዱ ከተከፈተ፣ ገበያውም ከተመለሰ በኋላ አባቴ ግራና ገበያ ወርዶ አንድ ሰው አገኘ። ሰውየው ከወንድሜ ጋር ነበር። መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀባቸው። ወንድሜ እዚያው ሞተ፤ ከመንገዱ ዳር ግራር ሥር ቀበሩት። አባቴ ይህን ሰምቶ ወደ ቤት ተመለሰ፣ እራቱን በላ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራ። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በአፍ ተይዞ ገብቶ ለእናት አይፈስም። መጀመሪያ ቅሬው ይሰማል። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን የሠፈር ማኅበር ነው፤ ሬሳ ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቅሶ ደራሹን ያበላል። ቅሬው ሽማግሌ ይመርጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ከዚያ ማለዳ በሩ ይንኳኳል። አባቴ ያንን ሰሞን ከእኛ ጋር ተቀምጦ ምግብ እንዴት እንደዋጠ ዛሬም አይገባኝም።

በተቀጠረው ዕለት የንጋቱ ሱብሒ ተሰግዶ እንዳበቃ ሰዎቹ መጡ። የቅሬው ዳኛ ከፊት፣ ሸኹ ከጎናቸው፣ የታጠፈው ድንኳን ከኋላ በጋሪ ላይ። እናቴ በሩን ከፍታ ጋቢ የለበሰውን ወንድ ሁሉ አየች። ማን ሞተ ብላ አልጠየቀችም።

«ስንት ሰው አየው?» አለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ» አሉ የቅሬው ዳኛ።

«ስንት ሰው ነው ያየው?»

«የግራናው ሰው ነው። አብሮት የነበረው።»

«አንድ?»

«አንድ።»

«አንዲት ላም ስትሸጡ ሁለት ምስክር ትጠራላችሁ። ለኔ ልጅ አንድ በቃ?»

ሸኹ አንገታቸውን ደፉ። ያለችው እውነት ነዋ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ሲያስተምሩ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ተመለሱ፤ ጋሪው ኮረኮንቹን እያንቋቋ ወረደ። እኔ ያን ጊዜ በእናቴ ኮራሁ። ወንድሜን ከሞት የመለሰችው መሰለኝ።

ሰኔ ሲገባ እናቴ ዶማ አነሳች። ከወንድሜ መስመር የለቀመችውን ዘር በጨርቅ ቋጥራ አኑራው ኖሮ አወጣችው። በአጥሩ ሥር ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከበሩ ደፍ ጀምራ እስከ መንገዱ ድረስ ደጁን ሁሉ ቆፈረችው። የምታገኘውን ድንጋይ ትለቅማለች፤ ያልቻለችውን ትታ አፈር ታለብሰዋለች።

ጎረቤቱ ደስታውን አልቻለውም። «አልሐምዱሊላህ፣ ልቧ ተመለሰ» ተባለ። ሐዘን የሚያመነምናት ሴት አበባ ስትዘራ ከማየት የበለጠ ምን አለ? አንዷ ለፍግ የሚሆን የፍየል በጠጥ በዘንቢል ተሸክማ መጣች፣ ሌላዋ አመድ፣ ሌላው የቦኖ ውሃ በጋሪው አደረሰላት። አባቴ ሳይቀር ከወንዙ ደለል በጆንያ ተሸክሞ ወጣ። እኔ ከወልድያ የቀለም ጣሳና የተሰነጠቀ ጀሪካን አመጣሁ፤ በጥግ በጥጉ አፈር ተሞልቶ ተዘራበት። ምን እያገዝን እንደሆነ ማን አውቆ።

ልጅቷም መምጣት የጀመረችው ያኔ ነው። ወንዙን ተሻግራ፣ ሻሿን አገጯ ሥር አስራ፣ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ትገባና ሳትታዘዝ ባልዲ ታነሳለች። እናቴ ትወዳታለች፤ ሲያዩዋትም የምትወደድ ናት። ዝምተኛ ናት፤ እጇ ግን አያርፍም። ወንድሜን ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም። ያረጀ የጨርቅ መቀሴን ሰጠኋት፤ የአበባው መቀስ እሱ ሆነ።

ዚኒያ አስቸጋሪ አይደለም። ፀሐይ ይፈልጋል፤ መርሳ ደግሞ ፀሐይ ነፍ ነው። ስንዝር ሲያልፍ እናቴ ጫፉን በጥፍሯ ትቀነጥበዋለች፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ መሮጡን ትቶ ወደ ጎን ይበተናል። ውሃ ከላይ ካፈሰሱበት ቅጠሉ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ይታመማል፤ ስለዚህ ከሥሩ ነው የሚጠጣው። ይህን ሁሉ ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ እያየች የደረሰችበት ይመስለኛል። ልጅቷን ስታሳያት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

«ይሄው፤ ሳይጠወልግ ቁረጭው» አለቻት። «ካልቆረጥሽው ዘር ይይዛል። ዘር ከያዘ ደግሞ ሥራዬን ጨረስሁ ብሎ ይደርቃል። ስትቆርጪው ግን እንደገና ያብባል።»

«እስከ መቼ?» አለቻት ልጅቷ።

«እስከቆረጥሽው።»

ጳጉሜን ሲገባ ደጃችን ሌላ ሆነ። በኮረኮንቹ የምታልፍ ባጃጅ ሁሉ ቀስ ትላለች። የሠፈሩ ኮረዶች አምረው እየመጡ ከአጥሩ ጋር ፎቶ ይነሳሉ። ሙሽራ ሳይቀር ከነሚዜዎቿ ቆማ ተነስታለች፤ እናቴ በመስኮት አየቻትና መጋረጃውን ዘጋች። አበባው እስከ ደረቴ ይደርሳል። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው መተላለፊያ አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ የምታልፍበት ያህል ብቻ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ጀነት ነው እኮ» ይላል። እናቴም «ጀነት ቢሆን ልጄ እዚህ ነበር» ትላለች፤ እንግዳው ሊስቅ ይጀምርና ይተወዋል።

መስከረም ላይ ሁለተኛው ምስክር መጣ። የግራናው ሰው ቃሉ አለመታመኑ አንገብግቦት ኖሮ ያንን ቦታ ፈልጎ፣ መቃብሩን ሲቆፍሩ አካፋ ያዋሷቸውን ሽማግሌ አግኝቶ በሚኒባስ አመጣቸው። ሸኹ ቤት ተቀመጡ። አባቴ፣ የቅሬው ዳኛ፣ እኔና የልጅቷ አባት ተጠራን። ሽማግሌው ደግ ፊት አላቸው፤ የመጡበትን ነገር ለመናገር የቸኮሉ ሰው አልነበሩም።

«ቀጭን ልጅ ነው» አሉ። «ሸሚዙ ሰማያዊ። የደረት ኪሱ ዙሪያውን በቀይ ክር የተሰፋ። ልብሱን ላይ ብዬ አይደለም፤ ፊቱን ስሸፍነው ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ።»

ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መርዶ ሳይነገር ጮኾ ማልቀስ አይቻልም፤ ድምፅ ከተሰማ እናቴ ዘንድ ይደርሳል። ሻሼን አፌ ውስጥ ወትፌ የሸኹ የጓሮ ግድግዳ ላይ ግንባሬን አስደገፍሁ። ፍታው ስለው ቢፈታው ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነው ብዬ የምጠራጠርበት አንድ ምክንያት ይኖረኝ ነበር እያልሁ ከማላውቀው ነገር ጋር ተከራከርሁ።

ስመለስ ሸኹ እየተናገሩ ነበር። ምስክርነቱ ሞልቷል አሉ። የልጅቷ ዒዳ፣ ባል የሞተባት ሴት ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ የሚቆጠረው ዜናውን ከሰማችበት ሳይሆን ከሞተበት ቀን ነው፤ እሱም አልፏል። በሸሪዓው ነፃ ናት። የልጅቷ አባት አቀርቅረው ሰሙና «ሸሪዓው ካለ እሰየው» አሉ፤ «ግን የባሏ እናት ሳታለቅስ እኔ ልጄን ለማን እድራለሁ? ማንስ ደፍሮ ይጠይቀኛል? መጀመሪያ ለቅሶው ይቀመጥ።» ሁላችንም ትክክል ናቸው አልን። ለቅሶ ያልተቀመጠለት ሰው ሚስት በእኛ ሠፈር ባል ያላት ሴት ናት።

በማግስቱ ማለዳ ጋሪው እንደገና ኮረኮንቹን ወጣ። እኔ አብሬያቸው ነበርሁና ያየሁትን ከመንገዱ ሆኜ ነው ያየሁት። የቅሬው ጎልማሶች ድንኳኑን ከጋሪው አውርደው ዞር አሉ፤ የሚያሳርፉበት ቦታ የለም። ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ፣ ጤዛ ያረፈበት። ዓይኔ መስመሩን ተከተለ። አበባው የሚጀምረው የአያቴ ለቅሶ ጊዜ የመጀመሪያው ካስማ ከገባበት፣ የሚያልቀውም የመጨረሻው ከገባበት ነበር። ቀድሞ አለማየታችን ገረመኝ። ሰው ሁሉ ልቧ ተመለሰ እያለ ፍግ ሲያቀብላት እሷ የልጇን ድንኳን ቦታ እያሳጣች ነበር።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀናለች። የቅሬው ዳኛ ምስክሩን ነገሯት። ሸሚዙንም ነገሯት። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ቀይ ነው የሰፋሽበት ክር?»

«ቀይ ነው፣ እምዬ።»

ይሄኔ ትወድቃለች ብዬ በቀጭኗ መንገድ ወደሷ ሄድኩ። አልወደቀችም።

«እሺ» አለች፤ «ሰምቻለሁ። አበባው ይለቅና ትተክላላችሁ። በልጄ ኪስ የመጣ ዘር ነው፤ እንዳትረግጡብኝ።»

ጎረቤታችን የሳቸውን ደጅ አቀረቡ። «የልጄን ለቅሶ በሰው ደጅ?» አለች እናቴ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ፤ በሰው ደጅ የሚለቀሰው ቤት የሌለው ሰው ነው። አባቴ አንድ እግሩን አንስቶ ወደ አበባው ሲራመድ አየሁት። እግሩ አየር ላይ ትንሽ ቆየና ወደነበረበት ተመለሰ።

«እኔስ?» አላት። «እኔ መቼ ነው የማለቅሰው?»

«ሲያልቅ አብረን እናለቅሳለን፤ አይቸኩሉ።»

የቅሬው ዳኛ ገበሬ ናቸው። ጤፍ ያውቃሉ፣ ማሽላ ያውቃሉ፣ ማሾ ያውቃሉ። የሚያውቁት ሁሉ አብቦ፣ ፍሬ ይዞ፣ ደርቆ ይታጨዳል። «ያበበ ሰብል አይረገጥም፤ ልክ ናት» አሉ። «የጥቂት ሳምንት ነገር ነው። እንጠብቃለን።» ከመጡት ወንዶች አንድም ይህን ቃል የተጠራጠረ አልነበረም። ገበሬ ለሰብል የሚሰጠውን ቀጠሮ ነበር የሰጧት።

ጥቅምት ሄደ፤ ኅዳር መጣ። ጤፉ ታጨደ፣ ማሽላው ተቆረጠ። የቅሬው ዳኛ ከማሳቸው ሲመለሱ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

«አሁንም?»

«አሁንም» ትላለች እናቴ።

«እንዴት ያለ ሰብል ነው ይሄ!»

እኔ ግን ያንን ቃል ሰምቼዋለሁ። እስከቆረጥሽው። ጁምዓ ጁምዓ ስመጣ ልጅቷ ጎንበስ ብላ በመቀሴ እየቆረጠች አገኛታለሁ። የቆረጠችውን ለጎረቤት ታድላለች፣ ለመስጂድ ጎረቤት አሮጊቶች ታድላለች፣ የተረፈው በባልዲ ውስጥ ይቆማል። በማግስቱ ከቆረጠችበት ሥር ሁለት እምቡጥ ይወጣል። በገዛ እጇ የምትጠብቀውን ቀን እየገፋችው ነበር። ታውቃለች ወይ? እኔ ታውቂያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ብታውቅ ምን ልላት? ብቻ እናቴን ጠላኋት። ደግሜ ብናገረው አይከብደኝም፤ ጠላኋት። መጥቼ እጇን ስሜ፣ ያዘጋጀችልኝን በልቼ፣ ጠልቻት ወደ ወልድያ እመለስ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ለልጅቷ ጠያቂ መጣ ተባለ። የሲሪንቃ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው፣ ጠባዩ ይወደዳል። የልጅቷ አባት ለቅሶው ይቀመጥና አሉት። እሺ አለ፤ ግን የሰው ልጅ ስንት ጊዜ እሺ ይላል? ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። ከአበባው መሃል ተቀምጣ ዱቄት የመሰለው በሽታ የያዘውን ቅጠል እየለቀመች ነበር። ከታች ያለው ሁሉ ነጥቶ ረግፏል፤ ግንዱ እንጨት ሆኗል፤ ከላይ ግን አበባው እንዳለ ነው። በመሃል በመሃል አዲስ ዘር ጥላ አዲስ ችግኝ አብቅላለች።

«ልጅቷን ከሱ ጋር እየቀበርሻት ነው፣ እምዬ።»

«ማን ያዛት? በሩ ክፍት ነው።»

«በሩማ አበባ ሞልቶታል።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል፤ ያ ሁሉ ወር ሲያነባ አላየሁትም። «እሷ ስትሄድ ማን ይቀረኛል?» አለች። «እሷ ስትመጣ እኮ የልጄ ሚስት መጣች እላለሁ። ድንኳኑ የተተከለ ቀን የሰው ልጅ ናት።»

ተነስቼ ውሃ ቀዳሁላት።

ጥር ካለፈ በኋላ አንድ ሐሙስ ስገባ ደጁ ላይ ቡናማ ነገር አየሁ። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። አበባዎቹ ራሳቸውን ደፍተው ደርቀዋል፤ አንዱ ጋ አይደለም፣ በየመስመሩ። ልጅቷ አልቀረችም፤ እንደወትሮዋ እየመጣች ትጠርጋለች፣ ታጠጣለች። መቀሱ ግን ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። እናቴ ይህንን ስንት ቀን አይታ ዝም እንዳለች አላውቅም። ጁምዓ ከሰዓት ልጅቷ ባልዲዋን ይዛ ስትወጣ ጠራቻት።

«ዛሬም አልቆረጥሽውም።»

«አልቆረጥኩትም፣ እማማ።»

«ምነው?»

ልጅቷ ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀና ስትል ፊቷን በደንብ አየሁት፤ እዚህ ቤት ደጅ ላይ አድጋ ያረጀች ትመስላለች።

«ደክሞኛል፣ እማማ» አለች። «እርስዎ ካዘዙኝ እቆርጠዋለሁ። ብቻ በጣም ደክሞኛል።»

ከዚያ አለቀሰች። ቆማ፣ እጇን ወደ ታች ጥላ፣ ፊቷን ሳትሸፍን። ወንድሜ ከጠፋ ጀምሮ በዚያ ደጅ ላይ በሰው ፊት ያለቀሰ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። እኔ ላቅፋት ስሄድ እናቴ በእጇ ከለከለችኝና ራሷ ሄደች። ሻሿን አስተካከለችላት። «ወደ ቤትሽ ግቢ፣ ልጄ» አለቻት። «ነገ ማለዳ ከእናትሽ ጋር ነይ። ጥቁርሽን ልበሽ።»

ልጅቷ እንደወረደች እናቴ ከበሩ ደፍ ላይ ጎንበስ አለችና የመጀመሪያውን ዚኒያ ከነሥሩ ነቀለችው። አፈሩን አራገፈችው፤ ወደ ጎን አስቀመጠችው። ሁለተኛውን ነቀለች። የደረቀውንም፣ ገና የሚያብበውንም፣ ትናንት የበቀለውንም። አባቴ ዶማ ይዞ ሲመጣ «ተዉኝ፣ እኔ ነኝ የዘራሁት» አለችው። «እርስዎ ሄደው ለቅሬው ይንገሩ።» አባቴ ዶማውን እንደያዘ ወረደ፤ መንገድ ላይ ያየው ሰው ሁሉ አበባው እንደተነቀለ ገብቶታል። እኔ የተነቀለውን እየሰበሰብሁ ከቤቱ ኋላ ከመርሁ። እስኪጨልም ድረስ ነቀለች። እጇ እስከ ክንዷ አረንጓዴ ሆኖ ነበር፤ በሳሙና አልለቀቀም፤ በማግስቱ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ የጨበጠው ያንን እጅ ነው።

ልጅቷ ዛሬ ሲሪንቃ ናት፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። አንዴ ልጠይቃት ሄጄ ደጇን አየሁት። ቃሪያ ተክላበታለች፣ ጎመን ተክላበታለች። አበባ የለም። የምትወደው አበባ አለ ወይ ብዬ ልጠይቃት ከአፌ ደርሶ መለስኩት።

ዚኒያው በተነቀለበት ማግስት ማለዳ ጋሪው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ደጁ ባዶ ነው፤ አፈሩ ጥቁርና የተፈረፈረ። ጎልማሶቹ ድንኳኑን ዘረጉ፣ ምሰሶውን አቆሙ፣ ካስማ ለመምታት ተበታተኑ። ሴቶቹ ገና በኮረኮንቹ እየወጡ ነው፤ ድምፃቸው አልተሰማም። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ በአንድ ጎኗ፣ እኔ በሌላው። ከጎልማሶቹ አንዱ በመንገዱ በኩል ባለው ጥግ ካስማውን ይመታል፤ አይገባለትም፤ ደግሞ ይመታል፤ ጫፉ ይጣመማል።

«እዚያ አይገባልህም» አለችው እናቴ ከተቀመጠችበት። ድምፅዋ የተለመደው ድምፅዋ ነው። «ከሥሩ ትልቅ ድንጋይ አለው፤ እኔም ላወጣው አልቻልሁም። አንድ ክንድ ወደዚህ አድርገው።»

ሰውየው መዶሻውን አንስቶ ወዳሳየችው ዞረ። እዚያ ያለው አፈር የእሷ እጅ ያለሰለሰው ነበርና ካስማው ሳያስቸግር ገባ።